ራጉኤልን ከኋላሽ አድርጊ

«ራጉኤልን ከኋላሽ አድርጊ! አደረግሽ?» የሚለው ድምፅ ከጋሽ ቢሻው ኮርቻ ቤት ተነሥቶ እስከ ድንች ተራ ድረስ ይሰማ ነበር። የካቲት 2008 ዓ.ም.፣ አርብ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ በኩል ያለፈ የእንጅባራ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ አይቶ፣ ፈገግ ብሎ ሄዷል። ጋሽ ቢሻው ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል ወሽቀው፣ ወስፌያቸውን እንደጨበጡ፣ አምስት እርምጃ በማትሞላው ክፍላቸው ውስጥ ይራመዳሉ። ለበሩ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ልጓም ግንባራቸውን ሊነካ ሲል ጎንበስ ይላሉ። ከፊታቸው ያለው ሆዱ የተቀደደ ኮርቻና የጅማት ጥቅል ነው፤ እሳቸው ግን የሚያዩት አዲስ አበባን፣ የመርካቶውን አውቶቡስ ተራና የራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ከጎናቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ፣ የሚለየንም አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ያልሰማሁትን በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል።

በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ምሕረት ናት፣ ብቸኛ ልጃቸው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በነርስነት ተመርቃ ዓመት ሙሉ ቤት ከተቀመጠች በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆስፒታል ሰኞ ለፈተና ጠራት። አዲስ አበባን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አይታት አታውቅም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትሳፈር ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እናቷ እትዬ ካሳነሽ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል አስይዘዋት፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። በዳንግላ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ወገኔ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ ሲሰቅልላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ነገራት፤ ጋሽ ቢሻው ልብ አላሉትም። እሳቸው በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስግገው ሌላ ጉዳይ ላይ ነበሩ። «ስትወርጂ ማንንም እንዳትጠይቂ። ለእኔ ደውይ። እኔ እመራሻለሁ» አሏት። ምሕረትም ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት «አባቴ አዲስ አበባን እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቃት» ስትል ሰምተው፣ ቀኑን ሙሉ በዚያች አንድ ቃል ሞቋቸው ዋሉ።

እንግዲህ ለማያውቃቸው ሰው ልንገር። ጋሽ ቢሻው በእኛ ከተማ «ቢሻው አዲስ አበባ» ይባላሉ። በወጣትነታቸው አሥራ አንድ ዓመት መርካቶ ሸራና ጆንያ ሲሰፉ ኖረው፣ በ1983 ዓ.ም. አገራቸው ገብተው የአባታቸውን ሙያ ያዙ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተመልሰው አልሄዱም። ግን አዲስ አበባ የሚሄድ የእንጅባራ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የእሳቸው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ስለ ትልልቁ አደባባይ፣ ስለ ፎቁ አይነግሩህም። «ትልቁን ማንም ያሳይሃል፤ ከተማ የሚታወቀው በጓሮው ነው» ይሉሃል። ከዚያ ይጀምራሉ። ሁለት የጨርቅ ሱቆች መሀል ጎኑን ሰጥቶ ለሚያልፍ ሰው ብቻ የምትበቃ ስንጥቅ አለች፤ በዚያ የገባ ሰው የግማሽ ሰዓት መንገድ በሦስት ደቂቃ ይቆርጣል። ከዚያ የብረት ደረጃ አለ፣ አራተኛው መርገጫው የተነቀለ፣ ባለማወቅ የረገጠ ጥርሱን ያጣል። ከደረጃው ሥር የወይዘሮ ውብአየሁ ሽሮ ቤት አለ፣ ስም የለው፣ ታፔላ የለው፣ ምልክቱ ሰማያዊ መጋረጃ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ፊት የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ አለ፤ የሚከራይ ክፍል የት እንዳለ ከደላላ በፊት እሱ ያውቃል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ይበራል፤ ሰውም እያዳመጠ ልቡ ይሞቃል።

እኔም አዳምጬ ሄጃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለቶነር ግዢ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማያዊ መጋረጃ ፈለግሁ። በመጨረሻ ቦታው ይሆናል ያልሁት ላይ መስተዋት የለበሰ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ዘበኛውን ስለ ሽሮ ቤት ብጠይቀው «ሽሮ?» አለኝና ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝ። የሚበላም አጣሁ፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ የማውቀው ፊት አጥቼ፣ ሁለት ሙዝ ገዝቼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ በላሁ። እንጅባራ ስመለስ ጋሽ ቢሻው በር ላይ ጠብቀው «እህሳ፣ ሽሮዋን ቀመስሃት?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «እንዴት ትጣፍጣለች!» አልኋቸው። «ቅቤውን በላይ ነው የምታደርገው፣ አይደል?» «በላይ ነው» አልሁ። ከእኔ በፊት የሄደውም፣ ከእኔ በኋላ የሄደውም እንዲሁ ብሏቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛም ሞኝ ናቸው እያልን ተውናቸው። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

የዚያን ቀን ግን ነገሩ የሽሮ አልነበረም። ምሕረት ከፈተናው በፊት የአንድ ሰው ቤት እንድታገኝ ተልካ ነበር። ሰውየው ደርበው ነው፣ የጋሽ ቢሻው ታናሽ ወንድም። ያን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለው የኖሩት ከእሱ ጋር ነው። ጋሽ ቢሻው ሲመለሱ እሱ እዚያው ቀረ። በ1994 ዓ.ም. አባታቸው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው ቀያቸው ሞቱ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይላካል። ሐዘንተኛው ሩቅ አገር ከሆነ እዚያ ላሉት ያገር ልጆች በሰው ይነገርና፣ ጎህ ሲቀድ፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ተሰብስበው ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ይኑር ነው ነገሩ። ጋሽ ቢሻው ይህን አጥተውት አይደለም። ቀብሩም ለቀስተኛውም በእሳቸው ላይ ወድቆ፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥተው፣ ቴሌ ቢሮ ገቡና ደርበው ወደሚሠራበት መጋዘን አስደወሉ። «አባታችን አረፈ፣ ቀበርነው» አሉት፣ በአገውኛ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከወዲያ በኩል የመጋዘኑ ጫጫታ፣ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ከዚያ ደርበው «አያ፣ ሰው አጥተህ ነው?» አለና ዘጋው። ይኸው ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። አልደወለም፣ አልጻፈም፣ አልመጣም። ጋሽ ቢሻውም ኩራት ያዛቸው መጀመሪያ፣ በኋላ ደግሞ ኀፍረት። ይቅርታ ለመጠየቅ ቢያምራቸውም ያላቸው ስልክ ነበር፤ ያጣላቸውም እሱ ነው።

ስለዚህ ለምሕረት የሰጧት መልእክት አጭር ነበር። «አባቴ ሰው ልኬልሃለሁ ብሏል በዪው። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ። ይገባዋል።» የላኩት ሰው ልጃቸው ናት። ያን መልእክት ደርበው ከሰማ ይመጣል፣ ካልመጣም ይደውላል፣ ካልደወለም ቢያንስ «እሺ» ይላል ብለው ተስፋ አደረጉ፤ የእሷ ፈተና ሰኞ ቢሆንም የእሳቸው ፈተና አርብ ሆነ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የመጀመሪያው ስልክ መጣ። «ወረድሽ?» «ወረድሁ አባዬ።» «ሕዝቡ እንዴት ነው?» «ብዙ ነው።» «አትፍሪ። አሁን ራጉኤልን ከኋላሽ አድርጊ። አደረግሽ?» «አደረግሁ።» ከዚያ ነው መራመድ የጀመሩት። የጨርቅ ሱቆቹ ዘንድ ሲደርሱ በስፌቱ ጠረጴዛና በግድግዳው መሀል ጎናቸውን ሰጥተው ሲያልፉ በጣውላው ስንጥቅ አየኋቸው። «እለፊ፣ ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዥ።» «አለፍሁ።» ከበስተኋላዋ የከባድ መኪና ጩኸት ይሰማል፣ ወንድ ልጅ «ተወው! ተወው!» እያለ ይጣራል። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» «መርካቶ ነዋ አባዬ» አለች። እሳቸውም ሳቁ። ወዲያው ኔትወርኩ ሄደ። ስልኩን ይዘው ወጥተው አግዳሚው ላይ ቆሙ፣ እዚያ ላይ አንዳንዴ ይይዛል፤ ሲያቅታቸው ወደ እኔ መጥተው የሃያ አምስት ብር ካርድ ገዙና በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየፋቁ «እስካሁን ደረጃው ዘንድ ደርሳለች» አሉኝ። የልጅቱን እግር ተከትለው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደገና ተገናኙ። ደረጃውን ወርጃለሁ አለች። አራተኛውን መርገጫ ዘለልሽው? ዘለልሁት። «ወፍጮው ይሰማሻል?» አሏት። «አይሰማኝም አባዬ።» ጋሽ ቢሻው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አርብ ስለሆነ ነው። አርብ በጊዜ ያቆማል፤ ባለቤቱ ለጸሎት ይሄዳል» ብለው ራሳቸው መለሱላት። «እሱ ይሆናል» አለች። የደርበው ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር ነው፣ በሩ ላይ ማንኳኪያ እንዲሆን አሮጌ የብረት እርካብ የተንጠለጠለበት። እርካቡን የሰቀሉት ጋሽ ቢሻው ራሳቸው ናቸው፣ ከአባታቸው ኮርቻ ፈትተው የወሰዱት ነበር። «ቀስ ብለሽ ፈልጊ፣ አልቸኩልም» አሏትና ዘጉ። ወስፌውን አንሥተው ሁለት ጊዜ ወግተው ጅማቱን መልሰው ፈቱት።

በዚህ መሀል ነው ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከመኖሪያው ክፍል፣ የእትዬ ካሳነሽ ትንሿ ስልክ የጮኸችው። ለእትዬ ካሳነሽ ሰው አይደውልላቸውም፤ ስልኳን የሚያውቋት ለባትሪ መብራቷ ነው። አንሥተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። ጋሽ ቢሻው ከተቀመጡበት ሆነው በሁለቱ በሮች በኩል አዩአቸው። ድንቹ መደብ ዳር ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ከጆሯቸው ወርዶም አልተነሡም። ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበው ነበር። «ማን ነው?» አሉ ጋሽ ቢሻው። «እህተማርያም ናት። ወንፊት ፈልጋ ነው» አሉ፤ ጎረቤታችን ናት። ነጠላቸውን አንሥተው በፊት በር ወጡ። «ወንፊቱን ረሳሽው እኮ» ብለው ከኋላ ተጣሩ፤ እትዬ ካሳነሽ ዘወር አላሉም፣ የሰሙም አይመስሉ። ጋሽ ቢሻው ግን ልባቸው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ስለነበር ነገሩን አልመረመሩትም። ሃያ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው አንዱ የሌላውን ዝምታ ከመልመዱ የተነሣ፣ ዝምታው ዓይነቱ ሲለወጥ እንኳ ቶሎ አይታወቀውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምሕረት ደወለች። «አባዬ፣ አገኘሁት።» ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። «አቧራው ነው» አለች ሳይጠይቋት። ጋሽ ቢሻው ቆሙ። «እርካቡ አለ?» «አለ።» «ዝጓል?» «ትንሽ ዝጓል።» ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ መለሱት። ቀጥሎ ያለውን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል፤ እሳቸው እንደነገሩኝ ይኸው ነው።

«መልእክቴን ነገርሽው?»

«ነገርሁት። ሰው ልኬልሃለሁ ብሏል አልሁት።»

«ምን አለ?»

«ደስ አለው።»

«ምን ብሎ ጠራኝ?»

«ጋሽ ቢሻው ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለች።

«ስልኩን ስጪው።»

«አሁን ወጣ አባዬ። ሥራ ተጠርቶ። ነገ ይደውልልሃል።»

በጣውላው ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርገው፣ በስሜ ጠርተው፣ «ይኸነው፣ ተገኘ» አሉኝ። እኔም እሰይ አልኋቸው፤ ያን ጊዜ ምንም አላውቅም ነበር። ከወሬው በላይ ግን አንድ ነገር ሆዳቸው ገብቶ ቀረ። ደርበው አፉን ከፈታ ጀምሮ እስከዚያች የመጋዘን ስልክ ድረስ፣ ታናሽ ታላቁን እንደሚጠራው፣ «አያ» ሳይል ጠርቷቸው አያውቅም። በንዴቱ ቀን እንኳ አያ ነው ያላቸው። አሁን «ጋሽ ቢሻው» አለ፣ መንገደኛ እንደሚጠራቸው። አሥራ አራት ዓመት ወንድምነቱን በልቶታል ማለት ነው ብለው አዘኑ። ይሁን፣ ደህና ከሆነ ይሁን፣ ነገ ሲደውል በአገውኛ አናግረዋለሁ፣ ያን ጊዜ ያመልጠዋል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ለነገ ንግግር ሲዘጋጁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ወገኔ የሚኒባሱን ወንበር ልብስ ተሸክሞ መጣ፣ ስፌቱ ተተርትሮበት። ወገኔ ሹፌር ከመሆኑ በፊት በአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ስድስት ዓመት ረዳት ነበር፤ ልቡ ደግ ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። «ምሕረት በሰላም ገባች?» አለ። «ገባች፣ ወንድሜንም አገኘችው» አሉ ጋሽ ቢሻው በኩራት፣ «ከአውቶቡስ ተራ እጇን ይዤ ነው ያደረስኋት ማለት ይቻላል።» ወገኔ የወንበሩን ልብስ እየዘረጋ «ከየት አሉ?» አለ። «ከአውቶቡስ ተራ፣ ከመርካቶ።» «ኧረ ጋሽ ቢሻው፣ የኛ አውቶቡስ መርካቶ መግባት ካቆመ አራት ዓመት አለፈው። ከከተማው ዳር አዲስ መናኸሪያ ነው የሚያራግፈን። ከዚያ መርካቶ ለመድረስ በታክሲ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መንገዱ ካልተዘጋ።» ጋሽ ቢሻው ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወገኔም የተናገረው ገባው መሰለኝ ሊያለሳልስ ሞከረ፤ ሲያለሳልስ ደግሞ አባሰው። «እርስዎ የሚሉት የብረት ደረጃም፣ ወፍጮውም ፈርሷል እኮ። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እርስዎን ማን ይናገር ብሎ ነው እንጂ። እኔማ ለምሕረት እንዳትጠፋብን ብዬ ጠዋት ነግሬያታለሁ። ከአዲሱ መናኸሪያ ጀርባ፣ ጎማ የሚያድሱበትን አልፎ፣ ታፔላ የሌለው የቆርቆሮ ግቢ አለ። ከኛ አገር የሚሄደው ከሰል የሚራገፍበት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ሲገቡ ግን ሁሉም ያገር ልጅ ነው፣ ሁሉም አገውኛ ነው የሚያወራው። ግራ ከገባሽ እዚያ ግቢ፣ ያጎትሽንም ነገር ይነግሩሻል አልኋት። አዲስ አበባ ካለ ያገራችን ሰው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ እነሱ የማያውቁት የለም።»

«ማን እንደሞተ» የምትለው ላይ ጋሽ ቢሻው ክው አሉ። ወገኔ አላየም፤ የወንበሩን ልብስ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። እሳቸው ተቀመጡ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ልክ የተተረተረ ስፌት እንደሚለቅሙት፣ አንድ በአንድ ለቀሙት። ራጉኤልን ከኋላዋ አላደረገችም። ስንጥቋ የለችም፣ ደረጃው የለም። ከበስተኋላዋ «ተወው! ተወው!» የሚለው የከሰል ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች ድምፅ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ውሸት የሚገባ ነው፤ ልጅ አባቷን እንዳታሳፍር ትዋሻለች፣ ከተማው ሁሉ ዋሽቷቸው የለም እንዴ። ግን እርካቡ? በሩ ከሌለ እርካቡን የት አየችው? ደርበውን ካላገኘችው «አላገኘሁትም፣ ነገ እፈልገዋለሁ» ማለት ምን ከበዳት? ያላገኙትን ሰው አገኘሁት፣ ደህና ነው፣ ደስ አለው፣ ነገ ይደውላል የሚባለው ለምንድን ነው? ጋሽ ቢሻው መልሱን ያውቁታል፣ በዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሞተበት ሰው እስኪነጋ እንዲህ ነው የሚያዘው። ከዚያ የእትዬ ካሳነሽ ስልክ መጣባቸው፣ የታጠበው ፊት፣ የተረሳው ወንፊት። ጅማቱን ጠቅልለው በቦታው አኖሩ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የሰማሁት የሱቁ ሣንቃ ሲገጠም ብቻ ነው፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ።

እራት ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እትዬ ካሳነሽ ድንች ወጥ አቀረቡ፤ ጨው የለውም። ጋሽ ቢሻው አጎረሷቸው፣ እሳቸውም አጎረሱ፣ ማንም ጨው የለውም አላለም። «ለእህተማርያም ወንፊቱን ወሰድሽላት?» አሉ። «ወሰድሁላት» አሉ እትዬ ካሳነሽ። ወንፊቱ ከራሳቸው በላይ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱም ያዩታል። ጋሽ ቢሻው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ሚስታቸው ያን ያህል ሸክም ብቻቸውን ይዘው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው፣ እስኪነጋ ለእሳቸው ሲሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀምጠዋል፤ አሁን ቢጠይቋቸው ያፈሱባቸዋል። ከዚያም በላይ ካልተነገራቸው ገና አልሞተም። አንድ ምሽት ወንድም ይኖራቸዋል። ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ።

ከእራት በኋላ ራሳቸው ምሕረት ዘንድ ደወሉ። ስለ ደርበው አልጠየቁም፣ እሷም አላነሣችም። «ሰኞ ተረጋግተሽ ተፈተኚ» አሏት። «እሺ።» «አሁን ብቻሽን ነሽ?» ልጅቱ ትንፋሿን ስትስብ ተሰማቸው። «አይደለሁም አባዬ። ሰው አለ። ማናለብሽ የምትባል የኛው አገር የጥርባ ሴት ናት የምታሳድረኝ፣ ከእነሱ ጋር ነኝ።» «ሰው ካለ ደግ ነው» አሉና ዘጉ። ከዚያ የቀርከሃውን አግዳሚ ከሱቁ አውጥተው በሩ ፊት ለፊት ግድግዳውን አስደግፈው አኖሩት፣ ጤዛ እንዳይመታው ማዳበሪያ ጣል አደረጉበት። እትዬ ካሳነሽ «ምነው አወጣኸው?» አሉ። «ጠዋት ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው።» መወርወሪያውን ሳይወረውሩ በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ። እትዬ ካሳነሽ የበሩን መወርወሪያ አዩ፣ አግዳሚውን አዩ፣ ጀርባቸውን አዙረው ኩራዙ ያለበት መደብ ላይ ምንም ያልቆሸሸ ሰሐን ያጥቡ ጀመር።

ጎህ ሲቀድ ስምንት ሆነን ሄድን። የንስሐ አባታቸው፣ እህተማርያም፣ ማታ ነገሩን ሰምቶ ምላሱን የሚቆርጥበት የጠፋው ወገኔ፣ እኔ፣ ሌሎችም። እትዬ ካሳነሽ በየቤታችን ዞረው የነገሩን ያ «ወንፊት» ፍለጋ የወጡ ጊዜ ነው፤ እኔ መልእክቱን ያገኘሁት ማታ ቤቴ ስገባ ነው። ደርበው ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ሳንባው ነው አሉ። የከሰሉ ግቢ ሰዎች አስታመው፣ እነሱው ቀብረውት፣ ቅዳሜ በሚመለሰው መኪና ሽማግሌ ሊልኩ ሲሰናዱ ነው ምሕረት በራቸውን ገፍታ «ደርበው የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?» ያለችው። ለእናቷ የደወለችውም ከዚያው ግቢ ነው። ወደ ቤቱ ስንቃረብ በጉም ውስጥ መጀመሪያ የታየን አግዳሚው ነው፣ ተጠርጎ፣ ማዳበሪያው ተነሥቶለት። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ቢሻው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ደፉ ላይ ቆመዋል። ያንኳኳ የለም።

«ደርበው ነው» አሉ ገና አፋችንን ሳንከፍት።

የንስሐ አባታቸው አንገታቸውን ደፉ። «እግዜር ያጥናህ ቢሻው» አሉ፤ ከዚያ የተላከውን ቃል እንደተላከ አደረሱ። «በሕመሙ ሰዓት፣ ለወንድምህ እንደውልለት ወይ ቢሉት፣ አያን በስልክ እንዳትነግሩት፣ ሰው ላኩለት አለ አሉ።»

«አያ አለ?»

«አያ አለ።»

ጋሽ ቢሻው አንድ በአንድ ተመለከቱን። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየቆጠሩን ነው። «ስምንት» አሉ። «እኔ ለእሱ አንድ አጣሁለት።» ሲወድቁ ስምንታችንም ያዝናቸው።